የተገፋ ቡና፣ የተቀደደ እንጀራ

የሰርቦ ነዋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ የጥሪው ወረቀት «የግፊት ስብሮች በተራራማ አገሮች እንዴት ያድጋሉ፣ እንዴትስ ይገጣጠማሉ» ይላል። ስብር ማለት ዓለት ተሰብሮ ግራና ቀኙ የተንሸራተተበት ቦታ ነው፤ የግፊት ስብር ደግሞ መሬት ሲጨመቅ አንዱ ወገን በሌላው ላይ የወጣበት። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እዚያ መሬት ይለጠጣል እንጂ አይጨመቅም። ወደ አፋር ካፈተለክሁ ጉሮሮአችሁን ጥረጉልኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ግቢ ገብቼ ነበር። ጀንፈል ቡና ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ እሳቸው በጣውላ ይገፉታል። እኔ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። ጣውላው ፊት ያለው ቡና ይጎብጣል፤ ከኋላ ያለው በፊተኛው ላይ ይወጣል። ክምሩ ዝም ብሎ ሽቅብ አያድግም። ተዳፋቱ ልኩን ሲይዝ ግፊቱ ወደ ፊት ይሻገርና ገና ያልተነካውን ስስ ቡና ያነሳል። «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ። ሂማላያ ነው የጠፋብኝ! ህንድ በእስያ ሥር ስትገባ ቅርፊቷ እንዲሁ እየተገሸለጠ ይከመራል፤ አዲሱ ስብር በአብዛኛው ከአሮጌው ፊት፣ በሜዳው በኩል ይወለዳል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኔፓልን በመጠን 7.8 የመታው ርዕደ መሬት ከዚያ ክምር ሥር የመጣ ነው።

ስብሮች እንዴት እንደሚገጣጠሙ ለማየት ግን እንጀራ ይሻላል። ምሳ ላይ ሞክሩት። ከግራም ከቀኝም ቅደዱ፤ ቅዳዶቹ ፊት ለፊት አይሁኑ፣ ትንሽ ይዛነፉ። መጀመሪያ ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ጫፋቸው ይታጠፍና አንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በመካከል ምላስ የመሰለች ቁራጭ ትቀራለች። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሁለት ስብሮች መካከል፣ በዚያች ምላስ በእግሬ ወርጄባታለሁ፤ ግራና ቀኙ ገደል ሲሆን እሷ ዘንበል ያለች መውረጃ ናት። ወንዝም መንገደኛም የሚመርጣት እሷን ነው። አንድ ስብር ብቻውን ሳለ ወገቡ ላይ ብዙ ይንሸራተታል፣ ጫፉ ላይ ምንም። ምላሷ ስትበጠስ ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ርዝመታቸው በአንዴ ያድጋል፣ መንሸራተቱ ኋላ ይደርስበታል።

መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ደባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ፣ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰነጠቀ፤ በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር የተከፈተ ቦታ ነበረ። ከላዩ ያሉት ስብሮች... እሺ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

የጥሪውን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርስ። በግፊት አገርም ስብሮች ጫፍ ለጫፍ ይተላለፋሉ፣ መንሸራተትን ይቀባበላሉ፤ የሚለያቸው ዓለት ሲሰበር አንድ ትልቅ ስብር ይሆናሉ። ኅዳር 2009 ዓ.ም. በኒውዚላንድ፣ ካይኮራ፣ የግፊትም ወደ ጎን የሚንሸራተቱም ከ20 በላይ ስብሮች በአንድ ርዕደ መሬት ተነሱ። ከአህጉራችንም መስከረም 30 ቀን 1973 ዓ.ም. አልጄሪያ ውስጥ ኤል አስናምን ያፈረሰው የግፊት ስብር ነው። እናንተ የተቀመጣችሁበት ደጋ ግን በተደራረበ ላቫ የቆመ ነው፤ ተጨምቆ የወጣ ተራራ አይደለም። ካርታ ላይ አጫጭር ስብሮች ስታዩ የአንዱን ርዝመት ብቻ አትለኩ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተትም ለኩ፤ ሊገጣጠሙ መቻላቸውን የሚጠቁማችሁ እሱ ነው።

ተማሪዎች፣ ነገ ጠዋት ማስመሪያና ፕሮትራክተር ይዛችሁ ወደ እናታችን ግቢ ኑ፤ የክምሩን ተዳፋት እንለካለን። ፈቅደውልናል። ቡናውን ግን መልሳችሁ በደንብ አስጡላቸው።