ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቆዩ ፒክአፕ መኪኖች የነዳጅ ታንክ የት ነው ያለው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዘሩንም ሆነ ማዳበሪያውን ከመጋዘን እስከ ቀበሌ የሚያደርሰው መኪና ነው። በመኪናው ላይ ደግሞ ከጭነቱ ይልቅ የሚበልጥ ሰው አለ። በመሆኑም የዛሬው ርዕስ ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ፣ ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው። የመኪናው የነዳጅ ታንክ፣ በጋራዥ ቋንቋ ሰልባትዮው፣ የት ነው የተቀመጠው?

ይህ ጥያቄ በስፋት የተነሣውና ለፍርድ ቤት፣ ለመንግሥትና ለሕዝብ ክርክር የበቃው በአሜሪካ ነው። ፒክአፕ መኪና በዚያ አገር የገበሬው ዋና የሥራ መሣሪያ ስለሆነ ከዚያ የተገኘው ትምህርት አሮጌ መኪና ለሚጠቀም ማንኛውም ማኅበር ይጠቅማል።

የቤንዚን ጠባይ

በመጀመሪያ የቤንዚንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቂ ትነት አይሰጥም። የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም። መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ታንኩ በግጭት ጊዜ የማይጨመቅበት፣ የማይቀደድበትና ሰው ከተቀመጠበት የራቀ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ታንኩ በጋቢና ውስጥ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች፣ የሼቭሮሌትንና የፎርድን ጨምሮ፣ ታንካቸው የነበረው በጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ መደገፊያ ጀርባ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ታንኩም ከድንጋይና ከጭቃ ይጠበቃል። ነገር ግን ሾፌሩና ተሳፋሪው ጀርባቸውን ለነዳጅ ሰጥተው ይጓዛሉ። መጋጠሚያው ከላላ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ትነቱ የሚጠራቀመው ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ነው። ጋቢናው በግጭት ሲጨማደድ ደግሞ የሚፈሰው ነዳጅ በተሳፋሪው ላይ ነው።

ይህ የአሜሪካ መኪኖች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ኤፍ.ጄ.40 የተባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ቀደምት ሥሪቶችም ታንካቸው ከፊት ተሳፋሪው ወንበር ሥር ነበር። ኋላ ላይ ግን ፋብሪካው ታንኩን ወደ መኪናው የኋላ ክፍል አዛውሮታል።

ታንኩ ከሻንሲው ውጭ

ጄኔራል ሞተርስ ለ1973 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል አዲስ ፒክአፕ ሲያወጣ ታንኩን ከጋቢና አስወጣ። ይህ በራሱ መልካም እርምጃ ነበር። ሆኖም ታንኩን ያስቀመጠው ከሻንሲው ውጭ፣ በመኪናው ጎንና ጎን ነው። በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው 75 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት ታንኮች ያሏቸው መኪኖች ነበሩ። ብዙ ነዳጅ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ለገዢው ማራኪ ነበር።

ችግሩ የታየው መኪናው ከጎን ሲመታ ነው። የሻንሲው ብረት ታንኩን ከመጠበቅ ይልቅ እንደ ሰንዳል ሆነበት። የገጨው መኪና ከውጭ ሲገፋ፣ ሻንሲው ከውስጥ አልበገር ሲል፣ ታንኩ በሁለቱ መካከል ተጨምቆ ይቀደዳል። ከግጭቱ በሕይወት ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሰዎች በእሳቱ ይሞታሉ። በዚህ አቀማመጥ እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ድረስ ሚሊዮኖች ተሸጡ። በ1988 ሞዴል ላይ ኩባንያው አዲስ መኪና ሲያወጣ ታንኩን በሻንሲው ውስጥ አደረገው።

ክርክሩና ውጤቱ

በ1992 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት ተቋም ምርመራ ከፈተ። በ1993 ኩባንያው መኪኖቹን በፈቃዱ እንዲጠራ ጠየቀ፤ ኩባንያው ግን አልተቀበለም። የኩባንያው መከራከሪያ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ መኪኖቹ በተሠሩበት ጊዜ የነበረውን የመንግሥት መስፈርት ያሟላሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በጠቅላላው ሲታዩ አደገኛ መኪኖች አይደሉም የሚል ነው። በጥቅምት 1994 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ፌዴሪኮ ፔኛ መኪኖቹ ጉድለት አለባቸው የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ አሳወቁ። የሞቱትም ወደ 150 ሰዎች እንደሚገመቱ ተገለጸ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ኩባንያው ለደህንነት ፕሮግራሞች 51 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊሰጥ ተስማማ። መኪኖቹ ሳይጠሩ፣ ታንኮቹም ባሉበት ቀሩ።

ከዚህ ጋር ሌላ መነገር ያለበት ነገር አለ። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኅዳር 1992 (እ.ኤ.አ.) ስለእነዚህ መኪኖች ባቀረበው ፕሮግራም ላይ አንዱ መኪና ተገጭቶ ሲቃጠል አሳየ። ኋላ እንደታወቀው እሳቱ በእርግጠኝነት እንዲነሣ ማቀጣጠያ ተገጥሞ ነበር፤ ለተመልካቹም አልተነገረም። ኩባንያው ከሰሰ፤ ጣቢያው በ1993 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ስለ ታንኩ ሳይሆን ስለ ጣቢያው ማውራት ጀመረ። እውነተኛ ችግር የተጋነነ ማስረጃ አያስፈልገውም። ይህ ሪፖርት ለሚያዘጋጅ የማኅበር ቁጥጥር ኮሚቴም ሆነ ለመንግሥት ባለሙያ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሌላው ትምህርት የመስፈርት ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን የነበረው የጎን ግጭት ሙከራ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነበር። መንገድ ላይ ያለ መኪና ግን በዚህ ፍጥነት አይወሰንም። አሜሪካ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሙከራውን ወደ 53 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገች፤ የኋላ ግጭቱንም ወደ 80 ኪሎ ሜትር አሳደገች። መስፈርት ማሟላት የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

የተሻለው ቦታ

አንዳንዶች ታንኩን ወደ ኋላ ጫፍ መውሰድ መፍትሔ ይመስላቸዋል። ፒክአፕ ባይሆንም የፎርድ ፒንቶ አውቶሞቢል ታንክ በኋላ ዘንግና በኋላ መከላከያ መካከል ነበር። ከኋላ ሲገጭ በመቃጠሉ በ1978 (እ.ኤ.አ.) 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። በፒክአፕ ላይ የተሻለው ቦታ በሻንሲው ሁለት ብረቶች መካከል፣ ከኋላ ዘንግ ፊት ለፊት፣ ከጭስ ማውጫው በበቂ ርቀት ያለው ነው። እዚያ ሻንሲው ከጎን፣ ዘንጉ ከኋላ ይከላከላሉ።

ማኅበራት ምን ያድርጉ?

በኢትዮጵያ ገጠር መኪና ቶሎ አይጣልም፤ እየተጠገነ ለብዙ ዓመታት ይሠራል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች በእያንዳንዱ ማኅበር ሊሠራባቸው ይገባል።

1ኛ/ የግዥ ኮሚቴ ያገለገለ መኪና ሲመርጥ ሞተሩንና ጎማውን ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ሥር ገብቶ የታንኩን ቦታ፣ ማሰሪያውን፣ ዝገቱንና ቱቦዎቹን ይመልከት።

2ኛ/ ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ሰበብ በመኪናው ጎን ወይም በጋቢና ውስጥ ተጨማሪ ታንክ በሠፈር ብየዳ አይገጠም። ፋብሪካ የተወውን ስህተት በገዛ እጅ መመለስ ይሆናል።

3ኛ/ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን በጋቢና ውስጥ አይጫን። ጀሪካን ሲሞላ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጥ። ፕላስቲክ በተነጠፈበት ካሶኒ ላይ እንዳለ ከተሞላ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል ብልጭታ ፈጥሮ ትነቱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

4ኛ/ የታንክ ክዳን ሲጠፋ በጨርቅ መወተፍ ይቅር። መኪና ሲገለበጥ ጨርቅ ነዳጅ አያቆምም፤ ራሱም እንደ ፈትል ይነዳል።

5ኛ/ የሚያፈስ ታንክ «ባዶ ነው» ተብሎ ለበያጅ አይሰጥ። ባዶ የተባለ ታንክ ትነትና አየር ስለተቀላቀለበት ከሞላው ይልቅ ሊፈነዳ ይችላል። መለወጥ ይሻላል፤ ካልተቻለም ታንክ አጥቦ ትነቱን ማስወጣት ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይሰጥ።

6ኛ/ ጋቢና ውስጥ ቤንዚን ከሸተተ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተር ያጥፋ፤ ተሳፋሪ ሁሉ ይውረድ፤ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ። ችግሩ ሳይገኝ ጉዞ አይቀጠል።

7ኛ/ በእያንዳንዱ መኪና የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ ሾፌሩም ረዳቱም አጠቃቀሙን ይወቁ። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውኃ አይደፋ፤ እሳቱን ተሸክሞ ያሰፋዋል። ማጥፊያ ከሌለ ለትንሽ እሳት አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ይጠቅማል። እሳቱ ታንኩ ጋ ከደረሰ ግን ንብረቱን ትቶ ሰውን ማራቅ ነው።

ለወረዳ አመራሮችም አንድ አደራ አለ። ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ፍሬንና መብራት አይቶ የሚያልፍ ከሆነ የነዳጅ ታንኩን የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ማኅበራት በየሦስት ወሩ የሚያደርጉት የራሳቸው ምርመራ በቃለ ጉባኤ ቢያዝና ውጤቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ቢቀርብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአንድ መካኒክ ግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የአሜሪካው ታሪክ የሚያሳየው ታንኩን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ የሚቀለው መኪናው ሲነደፍና ሲገዛ እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የጠበቆችና የካሳ ክርክር ይሆናል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚህ በዓል ሲመለስ እያንዳንዱ ማኅበር መኪናውን አቁሞ ከሥሩ ይመልከት።