ከጋራ ምንጭ ስለሚገኝ ትርፍ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የተሰኘውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ፣ ማንም ምንጩን አይቶ ያሻሽለው ዘንድ ለሁሉ ለቀቀው።

በነፃ ከሚታደል ነገር ትርፍ እንዴት ይገኛል? ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሸጠው ጥገናውንና ኃላፊነቱን ነው። በዚህም እጅግ ስለ በለጸገ አይ ቢ ኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

በፈቃዳቸው ከደከሙት ብዙዎቹ በትርፉ አልተቀየሙም፤ ኩባንያውም ባለሙያ ቀጥሮ ለፕሮግራሙ ይደክም ነበርና። ቅሬታው የበረታው በ2023 የዋና ምርቱን ሙሉ ምንጭ ለደንበኞቹ ብቻ በወሰነ ጊዜ ነው። ኩባንያው ግን «ምንም ሳይጨምሩ የሚገለብጡ አሉ» ሲል ተከራከረ።

እንግዲህ ከጋራ ምንጭ ቀድቶ የሚነግድ ምንጩን ቢጠርግ ይመሰገናል፤ ቢያጥረው ግን ጎረቤት ይነሣበታል።