ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ

(ስለ መኖሪያ ቤት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ምርመራ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአዲስ አበባን መኖሪያ ግቢዎች እየዞረ የሚመረምር ባለሙያ አዘውትሮ የሚሰማው አንድ ቃል አለ። የቤቱ ባለቤት የጉድጓዱን ክዳን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ይህ ከተሠራ 20 ዓመት ሆኖታል፤ ሞልቶም ተመጥጦም አያውቅም» ይላሉ። ቃሉ በኩራት የሚነገር ነው። ጎረቤት የመምጠጫ መኪና ፍለጋ ደጅ ሲጠና የእርሳቸው ግቢ ከወጪውም ከሽታውም ነጻ ሆኖ ኖሯልና ኩራታቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው መርማሪው ይህን ሰምቶ «ደህና» በሚለው ዓምድ ላይ ምልክት አድርጎ የሄደ እንደሆነ ነው። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ አገልግሎት ጀምሮ አንድ ጊዜ ከሞላ ወዲያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሞልቶ የማያውቅ ታንክ የሚያፈስ ታንክ ነው።

ነገሩ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ከቤት የወጣው ፍሳሽ ወደ ታንኩ ሲገባ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱና አረፋው ይሰፍፋል፤ በመካከል የሚቀረው ውኃ በገባው መጠን በመውጫው ቧንቧ በኩል ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራስ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ እንዲህ ያለ ዝግ ታንክ ለቤቱ ሠርቶ ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው፣ በደረቅ ቆሻሻ ተሞልቶ አገኘዋለሁ ያለው ጉድጓድ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ አገኘው። በ1881 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሴፕቲክ ታንክ የሚለውን ስም ያወጣለት ግን በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ በ1895 ታንክ የሠራው ዶናልድ ካሜሮን ነው። በታንኩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ዝቃጩን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም፤ ውኃውንም ንጹሕ አያደርጉትም። የቀረውን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው።

እንግዲህ መርማሪው ክዳኑን አስነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው የፈሳሹን ከፍታ ነው። ከመውጫው ቧንቧ ወለል ጋር እኩል ከሆነ ደንበኛ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ከቆመ ወይ መውጫው ተደፍኗል፣ ወይ ማስረጊያው መጠጣት አቁሟል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ታንኩም በቅርብ ጊዜ ያልተመጠጠ ከሆነ፣ ፈሳሹ በግድግዳው ወይም በወለሉ በኩል መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ጥርጣሬ ቢኖር ማታ ውኃው ከመውጫው እኩል እስኪሆን ሞልቶ፣ ምልክት አድርጎ፣ ሌሊቱን ቤተ ሰቡ ውኃ እንዳያፈስስ አስጠንቅቆ፣ ጧት ዳግመኛ መለካት ነው። በብዙ ግቢ ሴፕቲክ ታንክ ተብሎ የሚጠራው ድንጋዩ ያለ ስሚንቶ የተካበ፣ ወለሉ ሊሾ ያልፈሰሰበት ጉድጓድ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ውጤት እንግዳ አይደለም።

የፈሰሰው ወዴት ሄደ? ጥያቄው እዚህ ላይ ከግንባታ ጉዳይነት ወደ ሕይወት ጉዳይነት ይሻገራል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በእጅ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ያላቸው ግቢዎች አሉ። በማስረጊያና በውኃ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት እንዲኖር በተለምዶ ይመከራል። ስፋቱ 10 በ20 ሜትር በሆነ ቦታ ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት እንኳ ከ22 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የውኃ ጉድጓዱ በዚያው ግቢ ካለ ርቀቱ ከቶ ሊሟላ አይችልም፤ የጎረቤት ከሆነም አጥር ለሰው ነው እንጂ ለፍሳሽ አይደለም። መርማሪው የተጠራበትን ግቢ ብቻ አይቶ የተመለሰ እንደሆነ የሚጠጣውን ሰው ሳያይ ተመለሰ ማለት ነው።

የማስረጊያው ነገር ደግሞ ከወቅቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በከተማይቱ ደቡባዊ ክፍል በሰፊው የሚገኘው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። በመጋቢት የመጣውን ሁሉ በስንጥቁ እየዋጠ ጤነኛ የመሰለው ማስረጊያ በነሐሴ ጠብታ አይቀበልም። በመጋቢትም ቢሆን የዋጠውን አጣርቶ አልነበረም፤ በስንጥቁ አሳልፎ መስደዱ ነው። ከአፈሩ ሌላ የሚያሳስት ነገር የውኃ ፈረቃ ነው። ለአራት ቀን ውኃ ያልመጣበት ቤት ማስረጊያው ዐርፎ ይቆያል፤ በአምስተኛው ቀን ማለዳ የደረሰ መርማሪ ያልታመመ መስሎት ይሄዳል። ስለዚህ ለምርመራ የሚመረጠው ቀን ውኃ የመጣበት፣ ልብስ የታጠበበት ቀን ነው። የሚቻል ከሆነም ጉብኝቱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በበጋ፣ አንዱ በክረምት ማብቂያ።

የዝቃጩን ልክ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፉ ላይ ነጭ ፎጣ የተጠቀለለበት ረጅም ዘንግ የሰፈፈውን ቅባት ላለመንካት በመውጫው ቲ ውስጥ ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ጥቁር ቅንጣት የያዘው የፎጣው ርዝመት የዝቃጩ ውፍረት ነው። የፈሳሹ ጥልቀት 1.50 ሜትር በሆነ ታንክ ውስጥ ዝቃጩና የሰፈፈው ቅባት በድምር 50 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሢሶውን ከያዙ፣ የመምጠጫ መኪና የሚጠራበት ጊዜ ደርሷል። ብዙው ባለቤት መኪናውን የሚጠራው ፖዜቶው ገንፍሎ ግቢው ሲሸት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዝቃጩ አስቀድሞ ወደ ማስረጊያው አልፎ ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። ታንክ ይመጠጣል፤ የተደፈነ አፈር ግን አይመጠጥም። አዲስ ማስረጊያ ለመቆፈር ደግሞ ሰርቪስ ቤትና የመኪና ማቆሚያ የሞላው ግቢ ቦታ የለውም።

መኪናው የሚመጣበት ሰዓት ለመርማሪው ከሁሉ የተመቸ ሰዓት ነው። ታንኩ ሲጎድል ግድግዳው፣ ማከፋፈያውና የሁለቱ ቧንቧዎች ቲ ከላይ ሆነው በባትሪ መብራት ይታያሉ። በዚያን ጊዜ ጆሮ መስጠት ይገባል፤ በመውጫው ቧንቧ በኩል ውኃ እየተንዠቀዠቀ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማስረጊያው እስከ አፉ ሞልቷል። ይህን የሰማ ባለሙያ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ወደ ውስጥ መውረድ ግን ለማንም አይፈቀድም። በዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በጥቂቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኃይል ራሱን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፍቷል፤ እንግዲህ መግባት ይቻላል» የሚል ሰው የሚወርደው ወደ ሞቱ ነው፤ እርሱን ላወጣ ብሎ ተከትሎ የሚገባውም እንዲሁ። ሜቴን ስለሚኖርም ክብሪትና ሲጋራ ከአፉ ይራቁ። የወደቀ ዘንግ ወይም የተሰበረ ቲ እዚያው ይቅር፤ ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ ጨምሮ «ግባና አውጣልኝ» ማለት መርማሪውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

መዝገቡ አጭር ሊሆን ይችላል፤ የተመረመረበት ቀንና ወቅት፣ ውኃ የመጣበት ቀን፣ የነዋሪው ቁጥር፣ የፈሳሹ ከፍታ፣ የዝቃጩ ውፍረት፣ በአካባቢው ያሉ የውኃ ጉድጓዶች፣ መጨረሻ የተመጠጠበት ጊዜ። የክዳኑ ቦታም ከቤቱ ማዕዘን ተለክቶ ይጻፍ፤ ሴራሚክ ተነጥፎበት ጠፍቶ ግማሽ ግቢ የተቆፈረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከመሄዱ በፊት መርማሪው ክዳኑን ራሱ ቆሞ ያስገጥማል። ሕፃናት በሚሮጡበት ግቢ «በኋላ ይገጠማል» ተብሎ የሚተው ክዳን የለም።