ኒሻኑና ሙያው፤ የዶክተር ጆን ሜሊ አገልግሎት



ከወሰን ተነሥቶ በኮተቤና በመገናኛ አድርጎ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ መንገደኛ፥ የካ ሲደርስ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ በዛፍ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ ያገኛል። ግቢው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፥ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ከዚህ ግቢ ውስጥ ዐረፉ። ስማቸው ዶክተር ጆን ሜሊ ይባላል።

ሜሊ በ1898 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በወጣት መኮንንነት ተዋግተው ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ኒሻን ተሸለሙ። ይህ የብር መስቀል በ1914 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፥ የሚሰጠውም በጠላት ፊት ጀግንነት ላሳዩ ዝቅተኛ ማዕርግ ላላቸው መኮንኖች ነበር። ሜሊ ግን በዚህ ክብር ረክተው አልተቀመጡም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሕክምና ተምረው ቀዶ ጠጋኝ ሆኑ፤ ቁስል በሚያደርስ ሙያ ያገኙትን ኒሻን ይዘው ቁስል ወደሚጠግን ሙያ ተሻገሩ።

በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ አሳባቸው ሆስፒታል ማቋቋምና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሕክምና ማስተማር ነበር። የፋሺስት ወረራ ግን ቀደማቸው። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝን የአምቡላንስ ጓድ አደራጅተው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመቱ።

ኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበሯን ያቋቋመችውና የጄኔቭን ስምምነት የተቀበለችው ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በ1927 ዓ.ም. ነበር። ምልክቱ ግን ከቦምብ አላዳነም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የስዊድን አምቡላንስ በመልካ ዲዳ ተደበደበ። በየካቲትም በቆረም የሜሊ ድንኳኖች የቀይ መስቀል ምልክት ተዘርግቶላቸው ሳለ ተደበደቡ፤ ሕሙማንም ሞቱ። የሰናፍጭ ጋዝ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ወታደርና ገበሬ እግርና ዐይን ያቃጥል ነበር። ፈዋሽ መድኃኒት ስላልነበረው ሐኪሞቹ ያላቸው አቅም ማጠብ፥ መቀባትና ማሰር ብቻ ነበር። ሆኖም ሥራቸውን አላቋረጡም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማይቱ በዝርፊያና በእሳት ታመሰች። የውጭ አገር ሰዎች በብዛት ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ሸሹ፤ ግቢውንም የሕንድ ወታደሮች ይጠብቁት ነበር። ሜሊ ከተጠበቀው አጥር ውስጥ መቀመጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በካሚዮን እየዞሩ ከየመንገዱ ቁስለኛ ያነሡ ጀመር። በማግስቱ፥ በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ፥ ከዘራፊዎቹ አንዱ በጥይት መታቸው። ከሁለት ቀን በኋላም ሞቱ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ኒሻን የአንድ ቀን ሥራ ምስክር ነው። የሐኪም ሙያ ግን የሚመዘነው ከእርሱ በኋላ በሚቀጥለው ሥራ ነው። ሜሊ የሞቱት የመኮንን ኒሻናቸውን ትተው አይደለም፤ ያልተፈጸመ አሳባቸውን ጭምር ትተው ነው። ወረራው ያሰናከለውም የአንድ ሰውን አሳብ ብቻ አልነበረም፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋና በተከታዮቹ ቀናት ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አለቁ። አገሪቱ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያገኘችው በ1954 እ.ኤ.አ.፥ የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሜሊ ሐኪም የማስተማር አሳብ ይዘው ከመጡ ሠላሳ ዓመት ዐልፎ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ በየካ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሐኪም ያን ግቢ ሲያይ ሊያስታውሰው የሚገባው የብሩን መስቀል ብቻ አይደለም። በአጥሩ ውስጥ መቅረት ሲቻል ወደ ቁስለኛው መውጣትን፥ ከዚያም በላይ ወጣቱን ሐኪም አስተምሮ በቦታው መተካትን ማስታወስ ይገባዋል። የመጀመሪያው ተግባር ሜሊን ሕይወታቸውን አስከፈላቸው። ሁለተኛው ግን ሊፈጽሙት ያልታደሉት ነው፤ ዛሬም በእያንዳንዱ የሙያው ባለቤት እጅ ያለ አደራ ነው።