ጨዋታውን ከኮምፒዩተሩ ጋር ማመጣጠን
(ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንነጋገረው በቤት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚደረግ ጨዋታ ነው። ልጆች «ጌም» የሚሉት ማለት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና ነው ንግግር የሚደረግበት?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ «ጌሙ ይጎትታል፤ አዲስ ኮምፒዩተር ግዙልኝ» ይላል። አባት ወይ ይቆጣል፣ ወይ ተበድሮ ይገዛል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚደረጉ ናቸው። በብዙ ቤት ደግሞ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። ልጅ የሚያጠናበት፣ እናት የሱቋን ሒሳብ የምትይዝበት፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር የሚተያዩበት እሱው ነው። እሱ ከተበላሸ የሚቀረው ጨዋታው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ጨዋታ የሚያምረው ኮምፒዩተሩ ውድ ስለሆነ አይደለም። ጨዋታውና ኮምፒዩተሩ ሲመጣጠኑ፣ ኮምፒዩተሩም በደንብ ሲያዝ ነው።

1. ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም

ቴትሪስ የሚባለውን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞሩ ክፍተት ሳይተዉ መደርደር ነው። ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። የሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር። የሚያሳየው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ሰውየው ግን ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክቶች ሠራቸው። ጨዋታውም ዓለምን አዳረሰ።

ማይንክራፍት ደግሞ ሌላው ምሳሌ ነው። ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ተራራው፣ ዛፉ፣ ቤቱ ሁሉ እንደ ጡብ በተደረደሩ ኩቦች የተሠራ ነው። ሥዕሉ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2023 ሽያጩ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መድረሱ ተነግሯል። ስለዚህ «መሣሪያዬ ደካማ ስለሆነ ደህና ጨዋታ አላገኝም» ማለት ትክክል አይደለም። ጨዋታ ከመግዛት ወይም ከማውረድ በፊት ግን የሚጠይቀውን የኮምፒዩተር ዓይነት ማንበብ ያስፈልጋል። ይህ ዝርዝር ጨዋታው በሚሸጥበት ገጽ ላይ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። አንዱ ለማስጀመር ያህል የሚበቃው ነው። ሁለተኛው በደንብ የሚያጫውተው ነው። ማየት ያለብን ሁለተኛውን ነው።

2. ደካማው በሬ የትኛው ነው?

ገበሬ አንድ ብርቱና አንድ ደካማ በሬ ቢጠምድ እርሻው የሚሄደው በማን እርምጃ ነው? በደካማው ነው። ብርቱው በሬ ሌላውን እየጠበቀ ይውላል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አንድ ላይ የተጠመዱ ክፍሎች አሉት፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ክፍል ነው።

ክፍሎቹን እንወቃቸው። ፕሮሰሰር የሚያስብ ክፍል ነው፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ተጫዋቹ የት እንደሚቆም ያሰላል። ግራፊክስ ካርድ ሠዓሊው ነው፤ የተሰላውን ሥዕል አድርጎ ያወጣል። ራም እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ለጊዜው የሚፈለገው ዕቃ ይዘረጋበታል። ዲስክ ደግሞ ጎተራው ነው፤ ሁሉም ነገር የሚከማችበት ነው።

በስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ እየተከታተሉ የሚወጡ ብዙ ሥዕሎች ነው። ሲኒማ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳያል። በጨዋታ ግን እጃችን ሲያዝ ሥዕሉ ቶሎ መታዘዝ አለበት። በሰከንድ 30 ከተገኘ መጫወት ይቻላል፤ 60 ከተገኘ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። 60 ለማግኘት ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ሥዕል ከ17 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሠርቶ መጨረስ አለበት። አንዱ ክፍል ከዘገየ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ልጆች «ይጎትታል» የሚሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ደካማውን በሬ እንዴት እንለየው? ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ጨዋታው ለመክፈት ብዙ ጊዜ ወስዶ ከተከፈተ በኋላ ግን ደህና ከሄደ፣ የዘገየው ጎተራው ነው። የሚሽከረከረውን የድሮ ሃርድ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው መለወጥ ይረዳል።

ሌሎች ፕሮግራሞች ተከፍተው ሳለ ጨዋታው ቆም፣ ቀጥል የሚል ከሆነ ጠረጴዛው ጠቦ ይሆናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማኔጀር የሚባለው ሰንጠረዥ ይከፈታል። ራሙ ሊሞላ ምን ያህል እንደቀረው እዚያ ይታያል። የማያስፈልገውን ፕሮግራም መዝጋት ወጪ የለውም።

ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዘግም ከሆነ ደግሞ ይህን ፈትኑ። በጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ የሥዕሉን መጠን ዝቅ አድርጉ። ፍጥነቱ ከጨመረ የደከመው ሠዓሊው ነው። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ደካማው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ያለዚህ ፈተና አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ደካማውን በሬ ትቶ ብርቱውን መለወጥ ሊሆን ይችላል።

3. ያለ ወጪ ወይም በትንሽ ወጪ የሚስተካከል

የሥዕል መጠን ሲባል ስክሪኑ ላይ የሚሣሉት ነጥቦች ብዛት ነው። 1920 በ1080 የተባለው 2,073,600 ነጥብ አለው። 1280 በ720 ደግሞ 921,600 ነው። ይህም ከግማሽ በታች ነው። ሥዕሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ የሠዓሊው ሸክም ግን በጣም ይቀላል። መጠኑን መቀነስ የማይፈልግ ሰው በመጀመሪያ ጥላዎችን፣ ቀጥሎ የውኃና የመስተዋት ነጸብራቆችን ዝቅ ያድርግ። እነዚህ ብዙ ጉልበት ይበላሉ፤ ቢቀነሱም ጨዋታው ብዙ አይጎድልበትም። ሁሉን ባንድ ጊዜ አትነካኩ። አንዱን ለውጡ፤ ሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ያላችሁ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ግራፊክስ ካርድ ተገዝቶ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው።

ስክሪን ደግሞ ሥዕል የሚያድስበት የራሱ ፍጥነት አለው። በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ተገዝቶ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ 60 ላይ እንደቆመ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከፍቶ ማየት ነው። ላፕቶፕ የሆነ እንደሆነ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ሲጫወቱበት ቻርጀሩ ይሰካ።

የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ሥዕል የሚሥለው ከራሙ እየተዋሰ ነው። አንድ ራም ብቻ ካለውና ሁለተኛ ቦታ ክፍት ከሆነ ተመሳሳዩን መጨመር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛትም እጅግ ይረክሳል።

4. ሙቀት፣ አቧራና መብራት

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ኮምፒዩተርም ቶሎ የሚያረጀው በአያያዝ ጉድለት ነው።

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ ደህና ሄዶ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጎተት የሚጀምር ጨዋታ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። ላፕቶፕን አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት የአየር መግቢያውን መድፈን ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

አቧራ በሚበዛበት ቦታ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርን በየጥቂት ወሩ ማጽዳት ይገባል። በመጀመሪያ ይጠፋል፤ ገመዱም ከሶኬቱ ይነቀላል። ጎኑ ተከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ አቧራው ይወገዳል። አየር ሲነፋበት ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ሊበላሽ ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ክልክል ነው። ላፕቶፕን ግን የሚያውቅ ባለሙያ ቢከፍተው ይሻላል።

መብራት ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ገመዱን ንቀሉ። ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ባንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። አቅም ያለው ስታቢላይዘር ይግዛ። ዩ ፒ ኤስ የሚባለው ደግሞ መብራት ሲሄድ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ከግራፊክስ ካርድ በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው።

5. በኢንተርኔት ሲጫወቱ

በኢንተርኔት የሚደረግ ጨዋታ ሲዘገይ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ላይሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ትእዛዛችን እዚያ ደርሶ ለመመለስ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ይህን የሚያሳጥር ኮምፒዩተር የለም። ማድረግ የሚቻለው ከጨዋታው ምርጫ ውስጥ ፈጥኖ የሚመልሰውን አካባቢ መምረጥ፣ ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ መጠቀምና በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ትልቅ ፋይል እንዳያወርድ መስማማት ነው።

6. በፍላሽ የሚሞላ ጨዋታ

ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚታደል ወይም በፍላሽ የሚሞላ ጨዋታ ርካሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አቫስት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ በእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ፕሮግራም አገኘ። ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ገብቶ ነበር። የኮምፒዩተሩን መከላከያ ያጠፋል። ከዚያ በባለቤቱ ኮምፒዩተርና መብራት ለሌላ ሰው የዲጂታል ገንዘብ ሲያመርት ይውላል። ልጁ «ጌሙ ጎተተ» ሲል እውነቱን ነው፤ ሌላ ሰው እየሠራበት ነበር። በነጻ የሚሰጡ ሕጋዊ ጨዋታዎች ሞልተው ሳለ ይህን ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

7. ተጫዋቹም ይጠበቅ

የደከመ ዓይንና የታመመ ወገብ ይዞ የሚጫወት ሰው 60 ሥዕል ቢመጣለት ምን ይጠቅመዋል? ስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ጀርባ ይደገፍ፤ እግር መሬት ይርገጥ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ዓይንን ያሳርፋል። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ስላሉ የጨዋታውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ። በአውሮፓ በሚወጡ ጨዋታዎች ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። እነዚህ ጨዋታው ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚስማማ የሚናገሩ ናቸው እንጂ የክብደቱ ምልክት አይደሉም።

ሰዓትም ይወሰን። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቁት የበሽታዎች መዝገብ ጨዋታን መቆጣጠር አለመቻልን ከበሽታ ቆጥሮታል። የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ ሰው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሥራው፣ ከትምህርቱና ከእንቅልፉ ሲያስበልጥ፣ እየጎዳውም አልተው ሲል ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው።

ወላጆች፤ ልጃችሁ «ይጎትታል» ሲል አትቆጡ፤ ለመግዛትም አትቸኩሉ። «ደካማው በሬ የትኛው ነው? ፈትነህ አሳየኝ» በሉት። ወጣቶች፤ እናንተም ከመጠየቃችሁ በፊት ገመዱን እዩ፤ ሴቲንጉን ሞክሩ፤ አቧራውን ጥረጉ። መርምሮ የሚጠይቅ ልጅ ይሰማል። ከምርመራው በኋላ መግዛት የግድ ከሆነም የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልግ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ገንዘቡም ከሜዳ አይወድቅም።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የኮምፒዩተር ፍጥነት በደካማው ክፍል ይወሰናል ሲባል ምን ማለት ነው?
2. የሥዕሉ መጠን ዝቅ ሲደረግ ፍጥነቱ ባይጨምር ደካማው ክፍል የትኛው ሊሆን ይችላል?
3. በቤታችሁ መብራት ሲሄድና ሲመለስ ለኮምፒዩተሩ ምን ጥንቃቄ ታደርጋላችሁ?
4. በቤተሰባችሁ ውስጥ ኮምፒዩተሩን ለጥናት፣ ለሥራና ለጨዋታ በምን ሰዓት ብትከፋፈሉት ይሻላል? ተወያዩበት።