በሶብላና አንድ ስንዝር

የዛሬው ወጋችን በብርዱ ወራት የቃሪያና የበሶብላ ዘር ቤት ውስጥ ለምትዘሩ፣ ከሚኒያፖሊስ እስከ ስቶክሆልም ላላችሁ ነው።

በታኅሣሥ የስቶክሆልም ቀን 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚኒያፖሊስም 9 አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ብርሃን የለመደው የአገር ቤት በሶብላ በዚህ መሀል መስኮት ዳር ቢዘራ፣ መብቀሉን ይበቅላል። ግን እንደ ክር ይቀጥናል፣ ወደ መስታወቱ አንገቱን ያሰግጋል፣ ኋላም ዘንበል ብሎ ይተኛል። ይሄኔ መብራት ይገዛል።

መብራቱ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ቤቱ ደመቀ፤ ቡቃያው ግን ያው ቀጫጫ ነው። «ዋቱ አንሶ ይሆናል» ተብሎ ሌላ ይታዘዛል። እኔ ኪስ ከመዳበስ በፊት ገመዱን አውርዱት ባይ ነኝ። የትንሽ አምፖል ብርሃን ከአንድ ስንዝር ወደ ሁለት ስንዝር ሲርቅ ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ነው የሚሆነው። ሦስት ስንዝር ላይ ከዘጠኝ አንድ እጁ ብቻ ይቀራል። ረጃጅም ቱቦዎችና ሰፋፊ ፓነሎች እንዲህ ቶሎ ባይከስሙም ርቀት እነሱንም ያዳክማቸዋል። ዐይናችን ብርሃን ሲደበዝዝ ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱን አይነግረንም።

ልኩ እንደ መብራቱ ነው። ፍሎረሰንት ከቡቃያው ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ድረስ ይጠጋል። ቀለል ያለ ኤልኢዲ አንድ ስንዝር ገደማ ይበቃዋል። ብርቱ ፓነል ግን ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር ላይ ተጀምሮ እየታየ ይወርዳል። የእጃችሁን ጀርባ ቅጠሉ ጋ ግማሽ ደቂቃ ያዙት፤ ከፋጃችሁ ቅጠሉንም ፈጅቶታል። ኤልኢዲ ላይ ግን እጅ ብቻውን አይታመንም፤ ሙቀቱ ሳይሰማ ብርሃኑ የላይኛውን ቅጠል ሊያነጣው ይችላል። የታችኛው ለምለም ሆኖ መብራቱ ሥር ያለው ጫፍ ብቻ ሲገረጣ፣ ማዳበሪያ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት መብራቱን አንድ ጋት ከፍ አድርጉት።

ቡቃያ ባለበት አይቆምምና መብራቱ በሰንሰለት ቢሰቀል ይሻላል። በሶብላው ቃሪያውን ጥሎት ካደገ ደግሞ፣ መብራቱን በረጅሙ ልክ አድርጋችሁ የቃሪያውን ሳህን ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ላይ አስቀምጡት። ማንም ያላነበበው የስልክ ማውጫ ለዚህ ይሆናል። ታይመሩን በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሙሉት። ሌሊቱን ይጥፋ፤ ተክሉም ጨለማ ይፈልጋል፣ ሐምራዊ መብራት ከሆነ ደግሞ ጎረቤትም ምን እየተካሄደ ነው ብሎ ከመጠየቅ ያርፋል።