የተቀበረው መኪናና የመጀመሪያው መዝገባችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኔ የንግግር ሙያ የለኝም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ወረቀት ጥቂት ብናገር እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም ብዬ ተነሥቻለሁ።

ባለፈው ስብሰባ እንደ ሰማነው፣ የአዲሱ አዳራሻችን መሠረት ሲጣል አንድ የብረት ሣጥን ከሥሩ ይቀበር፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቻችን ይክፈቱት፣ በውስጡም ፎቶግራፍ፣ አሮጌው ማኅተምና የመጀመሪያው የአባላት መዝገብ ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶቻችን ናቸው። ደግ ሐሳብ ነው። እኔ የማልስማማው በመዝገቡ ብቻ ነው። ለምን? በሰው አገር የሆነውን ላውጋችሁና እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ቱልሳ የምትባል ከተማ አለች። ግዛቲቱ የተመሠረተችበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ በሰኔ ወር 1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1957 ማለት ነው፣ በፍርድ ቤቱ ግቢ ሣር ሥር አንድ አዲስ መኪና ቀበሩ። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው። መኪናው ፕሊማውዝ ቤልቬዴር የሚባል፣ ወርቅማና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ገና ከፋብሪካ የወጣ ነበር። ምናልባት በዚያ ዘመን ቤንዚን የሚባል ነገር አይኖር ይሆናል ብለው 10 ጋሎን ቤንዚንና የሞተር ዘይት አብረው አስቀመጡ። አንድ ካሳ ቢራም አልረሱም። የአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ የሚገኘውንም ጨመሩ፤ የከንፈር ቀለም፣ የጠጉር መርፌ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ፣ ጭንቀት ማስታገሻ ክኒን፣ ደግሞም ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ የቅጣት ወረቀት! (እዳ የሚቀብር ሰው ያየሁት ያኔ ነው።)

ውድድርም አደረጉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የከተማችን ሕዝብ ስንት ይሆናል? አጠገቡ የገመተ ሰው መኪናውንና 100 ዶላር የተቀመጠበትን የባንክ ሒሳብ ይወስዳል፣ ከሞተም ወራሹ ያገኛል ተባለ። ግምቶቹ ሁሉ በማይክሮፊልም ተነሥተው ለብቻው በተዘጋጀ፣ በደንብ በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ ከመኪናው ጎን ተቀመጡ።

ጉድጓዱ የኮንክሪት ነበር። ዘመኑ የአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት የነበረበት ስለሆነ፣ ቦምብ ቢወድቅ እንኳ ይችለዋል ተብሎ የተሠራ ነው። እንግዲህ ሰኔ 1999 ዓ.ም.፣ እኛ 2000 ዓ.ም.ን ልንቀበል ሦስት ወር ያህል ሲቀረን፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ጉድጓዱ ተከፈተ። ቦምብ አልወደቀም። የገባው ውሃ ነው። ልጄ ፎቶግራፉን በስልኳ አሳይታኝ ነበር፤ ያ ወርቅማ መኪና ዝገት ብቻ ሆኗል። ወንበሩ በስብሷል። የሴትዮዋ ዕቃ ተላቁጧል።

የብረቱ ዕቃ ግን ውሃ አላስገባም። ባንዲራው፣ ደብዳቤው፣ ማይክሮፊልሙ ደኅና ወጡ። በዚያው ማይክሮፊልም አሸናፊው ታወቀ። የከተማይቱ ሕዝብ 382,457 ነበር፤ ሰውዬው 384,743 ብሎ ገምቶ ኖሯል። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ሽልማቱ ለዘመዶቹ ደረሰ። ልብ በሉልኝ፣ መኪናው ተርፎ ጽሑፉ ቢጠፋ ኖሮ ባለ መብቱ ማን እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር?

የዚያች ከተማ ሰዎች በ1998 በፈረንጆቹ ሌላ መኪና ለ2048 አስቀምጠዋል፤ ይኼኛውን ግን ከመሬት በላይ ነው ያደረጉት።

በቦስተን ከተማ ደግሞ በ1795 በፈረንጆቹ ሳሙኤል አዳምስ የሚባለው ገዥና ፖል ሪቪር የሚባለው ብር ሠሪ በመንግሥት ሕንጻው ማዕዘን ድንጋይ ሥር ዕቃ አስቀምጠው ነበር። በ1855 ለጥገና ወጣ፣ ተጸዳና ወደ ነሐስ ሣጥን ተዛወረ። በ2014 መጨረሻ የውሃ ፍሳሽ ሲጠገን እንደገና ተገኘ፤ ሲከፈት ሳንቲሙም ጋዜጣውም ደኅና ነው። በእኔ አስተያየት የጠቀመው መሀል ላይ የሰው እጅ አይቶት ማደሱ ነው። የኛም አባቶች ብራናውን በማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት የነበረ፣ እያወረዱም ያነቡት የነበረ በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የዕድራችን ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ መዝገቡን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጌ፣ ቆልፌ፣ ከአልጋዬ ሥር መሬት ላይ አስቀምጬው ነበር። ተቆልፏል ብዬ ክረምቱን በሙሉ አልከፈትኩትም። መስከረም ላይ ስከፍተው አራት ቅጠል ተጣብቆ ቀለሙ ፈሷል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እያልኩ!

በዚያው ዓመት አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ዐርፈው መጡ። ሰውዬው መሥራች አባል ናቸው ይላሉ፤ ስማቸው ያለው ከአራቱ ቅጠል በአንዱ ነው። ክፍያው በማስረጃ እጦት ታገደ። ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ በሕይወት ሳለ የነበረ ስም ሲሞት ጠፋ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከቀብሩ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቀርበው መሰከሩና ተከፈላቸው። የሠልስቱን ወጪ ግን በብድር ነው የተወጡት።

እነዚያን ሦስት ሽማግሌዎች ዛሬ ሁሉንም ቀብረናቸዋል። አሁን ተመሳሳይ ጥያቄ ቢመጣ የሚመሰክረው ያ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምለምነው፣ ሣጥኑ ይቀበር፤ ፎቶግራፉ፣ ማኅተሙ፣ ከፈለጋችሁም የጥሩምባ ነፊያችን አሮጌ ጥሩምባ ይግባ። የመዝገቡም ፎቶ ኮፒ በላስቲክ ታሽጎ ይግባ። ዋናው ግን ከወለል ከፍ ብሎ በቁም ሣጥን ይቀመጥ፤ በየዓመቱ ጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ከፍተው ቅጠል በቅጠል ይዩት፣ ማየታቸውንም ይፈርሙ። የደበዘዘውን ስም ዘመዶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን በሌላ ደብተር እንገልብጥ። ግልበጣውን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ ዓይኔ ስለደከመ ግን የሚያነብልኝ አንድ ወጣት ያስፈልገኛል።

የቆርቆሮው ሣጥን ቁልፍ እስከ ዛሬ በኔ እጅ ነበር። ይኸው፣ ለክቡር ዳኛችን በጉባኤው ፊት አስረክቤያለሁ።